የማህሌት ፈረስና መኪና አልባው ከተማ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ደስ ብሎኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የተናደድኩት ስለ ብርዱና ስለ መንገዱ እንዳይመስላችሁ ነው። ሥዕል አስተማሪ ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት በደብረ ብርሃንና በአንኮበሯ ጎረቤላ ልጆችን ሰብስቦ «መኪና የሌለበት አረንጓዴ ከተማ» እንዲያስቡና እንዲስሉ ሊያደርግ ነበር፤ ሥዕሉን የማስተማሩን ሥራ እኔ ያዝኩ። የተመረጡት ሥዕሎች አዲስ አበባ ለዕይታ ይቀርባሉ፤ የሳሏቸው ልጆችም አብረው ይመጣሉ ተብሏል።

ከላምበረት መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ጠቀጠቀኝና ለቀለም ካርቶኔም ሒሳብ ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ ካርቶኑም እኮ ቦታ ይይዛል» አለኝ።

ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነበር። ከፈልኩ። ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ ጫጫን ሳናልፍ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ የቀለም ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ። ልጆች ከተማ እንደሚስሉበት ስነግረው «በሉ፣ መብራት የማይጠፋበት አድርገው ይሳሉልን» ብሎ አሳለፈን።

ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከመናኸሪያው ወደ አዳራሹ በጋሪ በሃያ ብር ሄድኩ። ደብረ ብርሃንን ለማያውቅ ሰው፣ እዚህ ጋሪ ለጌጥ የቆመ ነገር አይደለም። ሰው ገበያ የሚሄድበት፣ እህል የሚያስፈጭበት፣ ባጃጅ የማይገባበት ጭቃ ውስጥ ገብቶ እቤቱ በር ላይ የሚወርድበት ነው።

አዳራሹ ውስጥ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ወይዘሮ ሰናይት ቀድመውኝ ናሙና የሚሏቸውን ትልልቅ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። የመስታወት ሕንፃ፣ የከተማ ባቡር፣ በብስክሌት የሚሄዱ ባለ ሻርፕ ሰዎች። የየት አገር እንደሆኑ ብጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁም። እኔ ለልጆቹ ፎቶዎቹን ትታችሁ የራሳችሁን ከተማ ሳሉ፣ እዚህ የተሳሳተ ሥዕል የለም አልኳቸው። አምነውኝ ጎንበስ አሉ።

ማህሌትን ያወቅኳት ያን ጊዜ ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ጌታቸው ባለጋሪ ነው። የሳለችው ከተማ ከዳር እስከ ዳር ዛፍ ነው፤ በዛፎቹ መካከል ጋሪዎች እንደ ታክሲ ቁጥር ለጥፈው ይሄዳሉ። በየፌርማታው ለሰው አግዳሚ ወንበር፣ ለፈረስ የውኃ ገንዳና ከዝናብ የሚያስጠልል ዳስ አለ። የመድኃኒት ሳጥን የጫነ ነጭ ጋሪም አለ። ፊት ለፊት የቆመው ቡላ ፈረስ የራሳቸው ነው፤ በግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ እንኳ አልረሳችም። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ሥዕል አላየሁም።

ወይዘሮ ሰናይት ከኋላዬ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩት።

«ጎበዝ ናት፤ ይኼ አዲስ አበባ መሄድ አለበት» አሉ። «ፈረሱን ግን በብስክሌት ትተካው።»

«ለምን?»

«ጋሪ ኋላቀርነት ነዋ። እንግዶቹ ምን ይሉናል?»

ማህሌት ቀና አለች። «ፈረስ መኪና ነው እንዴ ቲቸር?»

«አይደለም የኔ ቆንጆ» አሉ ወይዘሮ ሰናይት በእኔ ፈንታ። «ግን ስለወደፊቱ ነው የምንስለው።»

«የኔም ስለወደፊቱ ነው። አሁን ያሉት ፈረሶች ዳስ የላቸውም።»

ሥዕሉ እንዳለ ይሄዳል አልኩ። ወይዘሮ ሰናይት «እንነጋገርበታለን» አሉኝ። ያን ጊዜ ልነቃ ይገባኝ ነበር።

ጎረቤላ

በማግስቱ ስለ መኪና አልባ ከተማ ለማስተማር በሦስት መኪና ተሰልፈን ሄድን። አንዷን የያዝነው እኔና ሾፌሩ ብቻ ነን። የአንኮበር መንገድ ወደ ገደሉ ሲጠጋ ጉም ዋጠን፤ ጉሙ ሲገለጥ በአንድ በኩል ረጃጅም የጅባራ ተክል፣ በሌላ በኩል እስከ ቆላው ድረስ የወረደ ባዶ አየር ነው።

ጎረቤላ የገበያ ቀን ነበር። ልጆቹ ሲስሉ ከአልዩ አምባ ጨው ጭነው የመጡ አቶ መሐመድ የሚባሉ ነጋዴ በክፍሉ በር ላይ ቆመው ወይዘሮ ሰናይት እዚያም የለጠፉትን የባቡር ፎቶ አተኩረው አዩት።

«ማሻአላህ፣ ንጹሕ አገር ነው» አሉኝ። «አህዮቼን ግን የት ነው የማስራቸው?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። በሩ አጠገብ የምትስል ልጅ ሰምታ በሥዕሏ ጥግ ላይ የአህያ ማሰሪያ ጨመረችላቸው። «አላህ ያሳድግሽ» ብለዋት ወደ ገበያቸው ሄዱ። ከጉዞው ሁሉ ያለ ንዴት የማስታውሰው ያን ከሰዓት ብቻ ነው፤ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላን፣ ማንም የማንንም ሥዕል አልነካም።

መንገዱ የተዘጋ ቀን

ደብረ ብርሃን ስንመለስ የልጆቹን ሥራ ለከተማው ሰው ለማሳየት አንድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሥዕሎቹ በገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። መግቢያው ላይ ጌታቸው ቆሟል። ኮቱን ተኩሷል፣ ፈረሱን አጥቧል፤ ከጋሪው ላይ ማህሌትና ሁለት ጎረቤቶች አሉ።

«ዛሬ ጎማ ያለው ነገር አይገባም» ይለዋል በር ጠባቂው።

«እነዚያስ?» አለ ጌታቸው። ሦስቱ የፕሮጀክቱ መኪኖች ከመግቢያው ወዲያ፣ በዝግጅቱ ዋና ቦታ ላይ ቆመዋል።

«የእንግዶች ናቸው።»

ጌታቸው አልተከራከረም፤ ጋሪውን ወደ ዳር አዞረ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በር ጠባቂው ላይ ጮህኩበት፤ እሱ ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው።

ማህሌት ቀድማኝ ገብታ ሥዕሏ ፊት ቆማ አገኘኋት። በቡላው ፈረስ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት፣ በወረቀቱ ላይ ቀይ ብስክሌት ተስሏል። የአዋቂ እጅ ነው። ፌርማታው፣ ገንዳው፣ ዳሱ እንዳለ ነው። ብስክሌቱ ከውኃ ገንዳ ፊት ቆሟል።

ወይዘሮ ሰናይት ጎንበስ ብለው «የኔ ቆንጆ፣ የራሴ ነው ካልሽ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ» ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ልጅን «አስበሽ ሳዪ» ብለው ጠርተው፣ ፈረሷን ሰርቀው፣ ደግሞ «ዋሺልን» ይሏታል። አፌን ስከፍት አንድ እንግዳ ማይክራፎን ይዘው ደረሱ።

«ይኼን የመሰለ ብስክሌት አንቺ ነሽ የሳልሽው?» አሏት።

ወይዘሮ ሰናይትን አየች። መግቢያው ላይ ወደ ቀረው አባቷም አየች። አዲስ አበባ ሄዳ አታውቅም፤ አባቷ ለጉዞው ጫማ ገዝቶላታል፣ ያን ቀን አድርጋዋለች።

«እኔ አይደለሁም። ብስክሌት መሳል አልችልም» አለች።

እንግዳው ሳቁ፣ ያጨበጨበም ነበር። ማይክራፎኑ ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፈ። እኔ ስለ ጠፋው ፈረስ ጮክ ብዬ ስናገር ሙዚቃው ተከፈተ። ሥዕሉን ከገመዱ አውርጄ ለማህሌት ሰጠኋት።

መመለሻ

መናኸሪያ ድረስ ጌታቸው በጋሪው ወሰደኝ፤ ሃያ ብሬንም አልቀበል አለ። ማህሌት ከጎኔ ተቀምጣ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሯ ቀስ እያለች ላጠችው። የፈረሱ እግሮች ከወረቀቱ ጋር ተገንጥለው ወጡ።

«ቲቸር» አለችኝ። «ብስክሌት ከፈለጋችሁ ለምን ከመጀመሪያው ብስክሌት ሳሉ አላላችሁንም?»

ጌታቸው ልጓሙን ይዞ ፊት ፊቱን ያያል፤ እሱም መልሴን እየጠበቀ እንደነበር ጀርባው ያስታውቃል።

ቤቴ በገባሁ በሳምንቱ ከፕሮጀክቱ ተደወለ። ቀጣዩ ከተማ አረርቲ ነው፣ ትመጫለሽ ወይ ተባልኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ነገርኳቸው። ልጆች እንዲያስቡ የምትጠሯቸው ከሆነ ያሰቡትን ተቀበሉ፤ አለዚያ ሥራውን በስሙ ጥሩት፣ ብስክሌት የመሳል ትምህርት በሉት፣ እኔም መጥቼ በደንብ አስተምራለሁ አልኳቸው። «እንነጋገርበታለን» አሉኝ።

እስካሁን አልደወሉም። የአዲስ አበባው ዕይታ በተባለው ቀን ተከፍቷል። ማህሌት አልመጣችም።