በበጉ ሥር ያለው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማርታ፣ «እማዬ፣ ቤት ተቀምጠሽ ከምትቆዝሚ ወጣ እንበል» ብላ እዚህ እንግሊዝ አገር በምንኖርበት ከተማ ወዳለ የሥዕል ቤት ወሰደችኝ። እኔ ሥዕል ማየት የለመድሁት ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ተሳልሜ ነው። እዚያ ሰዉ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆም ብሎ አይቶ ያልፋል። ምን ላድርግ፣ እኔም በልቤ አማትቤ አብሬ ዞርሁ።

አንድ የጥንት ሥዕል ፊት ስንደርስ አስጎብኚዋ ብዙ ሰው ሰብስባ ታስረዳለች። በረዶ የለበሰ የገጠር መንደር ነው። ወታደሮች በፈረስ መጥተው በር ይሰብራሉ። አንዲት ሴት ጭኗ ላይ የዕቃ ጥቅልል አስቀምጣ ታለቅሳለች። ሌላዋ ወታደሩን ትለምናለች፤ ወታደሩ የያዘው ግን ዝይ ነው። ለዝይ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ ብዬ ሳልጨርስ ማርታ ተረጎመችልኝ። ሥዕሉ ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናት ታሪክ ነው። ሠዓሊው ሲሥለው ልጆች ነበሩበት። ኋላ አንድ ባለሥልጣን እጅ ሲገባ፣ ይህ ነገር ዓይን ይወጋል ተብሎ በልጆቹ ላይ ዝይና ጥቅልል ተሣለባቸው።

ሰዉ ሲያልፍ እኔ እዚያው ቀረሁ። ማርታ የደከመኝ መስሏት ወንበር ፈልጋ አስቀመጠችኝ። አልደከመኝም። ነቀምት ነበርሁ።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምት የከተመ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቤታችን ባኬ ጃማ የሚባለው ሰፈር ነበር። ከአጥራችን ወዲያ አደ ጫልቱ፣ እመት ጫልቱ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ መበለት ከአንድ ልጃቸው ከገመቹ ጋር ይኖሩ ነበር። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እነሱ ጴንጤ ናቸው፤ ነገር ግን አጥሩ ላይ ጨውም፣ ፍምም፣ ወሬም ሲሻገር ነው የኖረው። ገመቹ ከእኔ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሒሳብ ያስረዳኝ በዚያው አጥር ላይ ተደግፎ ነው። ግንባሩ ላይ በልጅነቱ የጥጃ ቀንድ የተወው ጠባሳ ነበረው። ሲስቅ ጠባሳው ወደ ላይ ይሸበሸብ ነበር።

ያ ዘመን ወጣትነት ወንጀል የሆነበት ዘመን ነበር። ገመቹን የደርግ ታጣቂዎች በነሐሴ ዝናብ ከቤቱ ወሰዱት። ከአምስት ቀን በኋላ ጠዋት ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀዩ ጭቃ ላይ ተገኘ። ለእናቱ አታልቅሺ፣ ጥቁር አትልበሺ፣ ድንኳን አትትከዪ ተባለ። አደ ጫልቱ ጥቁሩን ቀሚስ ከውስጥ ለብሰው ከላይ አበባ ያለበትን ደረቡ። ጎንበስ ሲሉ የጥቁሩ ጠርዝ ብቅ ይላል፤ እናቴ «አደ፣ ይታይብዎታል» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይጎትቱታል። የሚያጽናናቸው ጸሎት ቤት እንኳ አልነበራቸውም፤ የእነሱ በር በዚያው ሰሞን ታሽጎ ነበር።

መስከረም ሲጠባ የደብራችንን ግድግዳ የሚያድስ ሠዓሊ ከጎጃም መጣ። አለቃ ስሜነህ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ጣታቸው ሁልጊዜ ሰማያዊ የሆነ ሽማግሌ። ምእመናን በተራ ያበሏቸዋል፤ የእኛ ቤት ተራ ረቡዕ ነበር። ሥዕሉ የሚሣለው በአቡጀዲ ላይ ነው፤ አቡጀዲው ግድግዳው ላይ በሙጫ ተለጥፏል። ምግቡን አስቀምጬ ቆሜ ስመለከት አለቃ ሳልጠይቃቸው ያስተምሩኛል።

«ይኸውልሽ ጽጌ፣ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ፊቱን ሙሉ ይሰጥሻል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ነው የሚሣል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ፊት ለፊት ሊያይሽ አይችልማ!»

በሴቶች መቆሚያ በኩል የሚሥሉት የሄሮድስን ነገር ነበር። ወታደሮቹ ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ናቸው። የሕፃናቱ ቦታ ገና ነጭ ነበር።

ይህን ለአደ ጫልቱ በአጥር ነገርኋቸው። መጽሐፋቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ናቸውና ወዲያው ገባቸው። «ራሔልስ?» አሉኝ፤ «ስለ ልጆቿ ያለቀሰችውን ራሔልን ይሥሏታል?»

በሚቀጥለው ረቡዕ አጥሩ ጋ ጠብቀው አብረውኝ መጡ። በአንድ እጃቸው ትኩስ አንጮቴ በሳህን፣ በሌላው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ» አሉ አለቃ።

«እኛ ለሥዕል አንሰግድም።»

«ማን ይስገዱ አለዎት? ይዩ እንጂ! ደግሞ ይህ ምንድር ነው፣ ድንች ነው?»

«አንጮቴ ነው። የወለጋ ምድር ያበቀለው ነው። አጥንት ያጠነክራል።»

«ቅቤው ያበራል እመቤቴ፣ ዕለቱ ደግሞ ረቡዕ ነው።»

«ታዲያ ነገ ይብሉት። አንጮቴ ረቡዕንና ሐሙስን አይለይም።»

አለቃ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አደ ጫልቱ ግን መሐረቡን ፈቱት። የገመቹ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ነበር፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ሌላ ፎቶ የላቸውም።

አለቃ ወደ ብርሃን ወስደው ብዙ ጊዜ አዩዋት። «ሕፃናቱ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው» አሉ ቀስ ብለው።

«ለእኔም አልሞላውም።»

ፎቶዋን እዚያው ትተውላቸው ሄዱ። በሳምንቱ በራሔል ጭን ላይ አንድ ልጅ ተኝቶ አገኘሁ፤ ገላው የሕፃን፣ ፊቱ የገመቹ። በእኛ ሥዕል ሕፃን ሁልጊዜ የትልቅ ሰው ፊት ስላለው ለማያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሁለት ዓይን ነበረው። ጠባሳውም ነበር።

አደ ጫልቱ ከዚያ ወዲያ በሩ ሲከፈት ይመጡ ጀመር። አይሳለሙም፣ አያማትቡም። በሩ ሥር ቁጭ ብለው ያዩታል፤ እንባቸው ይወርዳል። ያንን ያህል ሲያለቅሱ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለቀሰችን ሴት ለማን አለቀስሽ ብሎ የሚጠይቅ የለማ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ እደርሳለሁ። ቦኖ ውሃ ተሰልፈን ሳለ ጓደኛዬ የሺ ስለ ሠዓሊው እያወራች፣ አንቺማ ምግብ አመላላሽ ነሽ ብላ አፌዘችብኝ። እልህ ያዘኝ፣ ያላደረግሁትንም ጨመርሁ። «ምግብ አመላላሽ? የገመቹን ፎቶ ማን የወሰደ ይመስልሻል? ሂጂና ራሔል ጭን ላይ እዪው!» አልኋት። ገና ከአፌ ሳይወጣ ቀዘቀዝሁ። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ አስማልኋት። ማለችልኝ። ወንድሟ የቀበሌ ጥበቃ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። ጫማውን አላወለቀም። የቄሰ ገበዙን አልባሳት ላጥብ ወስጄ እየመለስሁ ስለነበር ከዓምድ ጀርባ ቀረሁ።

«አንተ ሽማግሌ፣ እነዚህ ወታደሮች ለምን አንድ ዓይን ሆኑ?»

«የሥዕሉ ደንብ ነው ጌታዬ። ክፉ ሰው በጎኑ ነው።»

«ጓድ በል! እኔን ብትሥለኝስ እንዴት ታደርገኛለህ?»

አለቃ ቀና ብለው ፊቱን መረመሩት፤ እንደ ሠዓሊ። «እሱ በእርስዎ ነው» አሉ። «ወደየት እንደሚያዩ ይወሰናል።»

በጥፊ መታቸው። ቀለም መበጥበጫው አጠገብ የነበረችውን ፎቶ አነሣ፤ ከግድግዳው ጋር አስተያየና ፎቶዋን አራት ቦታ ቀደዳት። «እስከ ማታ ይህ ልጅ ከዚህ ይጥፋ። አለዚያ አንተም ትከተለዋለህ» ብሎ ወጣ። አደ ጫልቱንም ከቤታቸው ወስደው ለአንድ ሳምንት አሰሯቸው።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃ በገመቹ ላይ በግ ሣሉ። ነጭ በግ፣ በራሔል ጭን ላይ። ስንቅ አድርሺ ተብዬ ስመጣ ብሩሻቸውን ያጥቡ ነበር። ጠጋ በይ አሉኝና በጆሮዬ ነገሩኝ።

«ልጁ የዘይት ቀለም ነው፣ ደርቋል። በጉን ግን የዱቄት ቀለም በውሃ በጥብጬ ነው የቀባሁት፣ ሙጫ የለበትም። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀን ሲወጣ ለእናቱ ንገሪያት። እሺ በይኝ።»

«እሺ አለቃ።»

በማግስቱ በአውቶቡስ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

እኔም በዚያው ሳምንት ለእመቤታችን ተሳልሁ፦ አፌ የሞተን ሰው ሁለተኛ ገድሏልና፣ ዳግመኛ ምሥጢር ከአፌ አይወጣም ብዬ። ስለቱ ቅዱስ መስሎኝ ነበር።

አደ ጫልቱ ተፈትተው እንደ ወትሮው መጡ። በሩ ሥር ተቀምጠው በጉን አዩ። አላለቀሱም። የሰፈር ልጆች «ሴትዮዋ ለበጓ ታለቅሳለች» እያሉ በራሔል ላይ ይስቁ ነበር። እኔ በየእሑዱ እዚያው ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ አስቀድሳለሁ። በጉና እኔ እንተያያለን። እርጥብ ጨርቅ፤ ይህንኑ ብቻ አስባለሁ።

ቀኑ ወጣ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሊቀ መንበሩም ወዴት እንደገባ አልታወቀም። እኔ በዚያ ጊዜ መምህር አግብቼ ሲሬ እኖር ነበር፤ ማርታን አርግዤ። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ስገዛ ወደ ነቀምት የሚሄደው አውቶቡስ ቆሞ፣ በመስኮቱ «ጽጌ! ኢንተላ ኮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ አደ ጫልቱ ነበሩ። አርጅተዋል። ሆዴን አይተው መረቁኝ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ጠባሳው በየት በኩል ነበር?»

«በግራ» አልሁ።

«በግራ... አዎ። ያ ሥዕል፣ ጽጌ፣ ከበጉ ሥር ምንም አልቀረም? አጥበውት ነው ወይስ እላዩ ላይ ነው የቀቡት? አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። እሸቱ እጄን ያቃጥለኛል።

«አላውቅም፣ አደ» አልሁ።

ስለቴን አክብሬ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አታለልሁ። እውነቱ ሌላ ነው። በጉ እንደሚታጠብ ብነግራቸው፣ በጉ ለምን እንደመጣ ይጠይቁኛል። የቦኖውን ወሬ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለቴን እንደ መጋረጃ ከፊቴ ጋረድሁት። በዚያች ቀን በጎኔ ነበር የቆምሁት፤ ባንድ ዓይኔ።

አውቶቡሱ ሄደ። በዓመቱ አደ ጫልቱ ማረፋቸውን ሰማሁ። ኋላም እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ወንድሜ ደውሎ ደብሩ በብሎኬት እንደ አዲስ መሠራቱን አበሠረኝ። አሮጌው አቡጀዲስ ስለው፣ «ምስጥ በልቶት ነበር፣ ከፍርስራሹ ጋር ተጣለ» አለኝ። በደስታ ነበር የነገረኝ። እኔም እልል ብዬለታለሁ።

በሥዕል ቤቱ ወንበር ላይ ሆኜ ማርታን፣ «ዝይውን ለምን አያጥቡትም? ጠይቂልኝ» አልኋት። ሄዳ ጠይቃ መጣች። የላዩም ቀለም አርጅቶ የታሪኩ አካል ሆኗልና አይነካም አሉ። ቢሆንም በመሣሪያ አይተው ልጆቹ ከሥር እንዳሉ ያውቃሉ፤ ከጎኑ በጽሑፍ አስቀምጠውታል፤ ለመጣ ሰው ሁሉ ይናገራሉ። የእነሱን እናቶች ማንም አያውቃቸውም። ለነሱ እንኳ ተነገረላቸው።

ያን ጊዜ ለማርታ ሁሉንም ነገርኋት፤ ቦኖውን፣ ፎቶዋን፣ የዱቄት ቀለሙን፣ ሲሬን። በእኔ ዕድሜ ስለት ማፍረስ ቀላል አይደለም። ሲያልቅ እንደ አደ ጫልቱ እጄን ያዘችና፣ «ጠባሳው በየት በኩል ነበር እማ?» አለችኝ።

«በግራ» ብዬ እጄን ወደ ግንባሬ አነሣሁ። እዚያው ቆመ። በእሱ በግራው ነው ወይስ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየኝ በእኔ በኩል? ለእናቱስ ያን ዕለት የቱን ነበር የነገርኋቸው?

ማርታ መልሴን ትጠብቃለች። ሁለቱንም የግንባሬን ጎን ዳሰስሁ። አላውቅም። አሁንስ እውነቴን ነው።