የሰንጋ ተራ በሮች

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ነስሪን ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡትን ሰውዬ እዩአቸው። ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ፍላሻቸው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የፈረሰ ሰፈራቸውን፣ የሰንጋ ተራን አሮጌ ፎቶዎች አንድ በአንድ ወደ ፊደልና ቁጥር እየለወጡ በሚሠሩት ድረ ገጽ ውስጥ ይለጥፋሉ። ገጹ ሲከፈት ፊደሉ ተመልሶ ፎቶ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ፎቶውን እንዳለ ቢጭኑት ምናለ? ይኼ እኮ እስከ ልደታ ማርያም የሚደርስ ጽሑፍ ነው» ትላቸዋለች ነስሪን።

«ባለፈው ከገጹ ለይቼ ለብቻ ያስቀመጥኳቸው ፎቶዎች ጠፉብኝ። አሁን ገጹ ካለ እነሱም አሉ። የተበተነው ጎረቤት ሁሉ በፍላሽ ወስዶ ያለ ኢንተርኔትም ይከፍተዋል።»

ገጹ ላይ የእነ ሸዋዓለም አረንጓዴ በር አለ። የእነ ኸይረዲን በረንዳ አለ። በሁለቱ መሃል ግን ባዶ ነው።

«እዚህ ጋስ?» ትላለች ነስሪን።

«የእኛ ቤት ናት፣ ባለ ቡናማ በሯ። እቃ ሲጫን ፎቶዋ ከነካርቶኑ ቀረ፤ እናቴ ደጁ ላይ ቆማ የተነሳችው። ፎቶዋ ይምጣ እስኪ፣ ቦታዋን ይዤላታለሁ።»

ይህን ብለው ቀጣዩን ፎቶ፣ የሌላ ሰው ቤት ፎቶ፣ ይከፍታሉ።

እኛስ? አልበሙን ከአሮጌ ጫማ ጋር ጠቅልለን አልጋ ሥር ወርውረን፣ ሰርግ ቤት ስንገናኝ ስለ ሰፈር ትዝታ እናወራለን። አናፍርም።

እባካችሁ፣ ሰንጋ ተራ ያደጋችሁ፣ ዛሬውኑ አልበማችሁን አውጡ። የራሳችሁን መልክ ማየቱን ተዉትና ከጀርባችሁ ያለውን እዩ። ግርጌው በቆርቆሮ የተጠገነ ቡናማ በር ካለ፣ ፎቶውን ይዛችሁላቸው ኑ።