የካባው ጥራዝ

ዳንግላ በአስተማሪነት ስመደብ ገና ወጣት ነበርኩ። አዲስ ክፍል በገባሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ “የለበሳችሁት ልብስ ስሙን ከየት አመጣ?” ከዚያ ማብራራት ነው። ቀሚስ የምንለውን ዐረቦችም ቀሚስ ይሉታል። ሐር ሐሪር ነው፤ ፎጣ ፉጣ ነው፤ በርኖስም ቡርኑስ። ጨርቁ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በመተማ በኩል ወደ ጎጃም ሲገባ ስሙም አብሮት ገባ እላቸው ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በአገውኛ አፋቸውን የፈቱ ስለሆኑ አማርኛውም ዐረብኛውም ለእነሱ እኩል የሰው ቋንቋ ነው። ዝም ብለው ያዳምጡኛል።

ቤት ያከራዩኝ ባልቴት ከዘንገና አካባቢ የመጡ አገው ነበሩ። ባላቸው በጣልያን ጊዜ ከአርበኞች ጋር ወደ ቆላ ወርደው በዚያው ቀሩ። የት እንደወደቁ የነገረ የለም፤ አጥንታቸውም አልመጣም። ከእሳቸው የቀረው አንድ የሐር ካባ ነው፤ ጣልያን ሳይገባ የአገሩ ገዢ የሸለሟቸው። መልኩ ወይን ጠጅ ሆኖ በጠርዙ ዙሪያ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ሐረግ የሚመስል ነገር ይዞርበታል። ባልቴቷ ከቆዳ ከረጢት ውስጥ አስቀምጠውት በበጋ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱት ነበር።

ግንቦት ላይ ዝናቡ እንደጀመረ ሳል ጥሏቸው አልጋ ያዙ። እንደማይድኑ ራሳቸውም ያውቁታል። ባሏን ፈትታ አብራቸው ለምትኖረው ሴት ልጃቸው ደጋግመው የሚሏት አንድ ነገር ነው።

“በካባው ገንዙኝ። አባትሽ መቃብር የለውም፤ ከእኔ ጋር ይግባ።”

የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ቀን ካባው አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ቄሱ ጠርዙን በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩና፣ “ይህ ሐረግ አይደለም። ጽሕፈት ነው፤ የእስላም ጽሕፈት” አሉ። ልጅቷን ወደ ደጅ ጠርተው ደግሞ፣ “በዚህ ተገንዘው ከመጡ እኔ ፍትሐት አላደርስም። የሚያደርስ ሌላ ቄስም አታገኚም” አሏት።

“ምን እንደሚል ሳይታወቅ አባ?” አልኳቸው ተከትያቸው ወጥቼ።

“እንግዲያው አስነብባችሁ ንገሩኝ።”

በከተማው ዐረብኛ ማንበብ የሚችል የማውቀው ሰው ገበያው ዳር ሱቅ የነበረው የመናዊ ነው። ሁሉም “ዐረቡ” ይለዋል። እኔና ልጃቸው ካባውን በነጠላ ጠቅልለን በጭቃው ሄድን። ዐረቡ በአማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም።

“አንቺ አስተማሪ፣ ዛሬ ደግሞ የምን ቃል ትፈልጊያለሽ?” አለኝ።

ካባውን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። ጓዳ ገብቶ እጁን ታጥቦ ተመለሰና በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

“ስስ ሐር ብትሆን ሱንዱስ እንላት ነበር። ይቺ ወፍራም ናት፤ ኢስተብረቅ። ቁርዓን ላይ አለች። ጀነት የገባ ሰው ይለብሳታል።” ጠርዙን አነሳ። “ይቺ ደግሞ ጢራዝ። ድሮ ሱልጣን ለሰው ሲሸልም እዚህ ላይ በክር ያስጽፋል።”

እኔ ደስ ብሎኝ ሌላ ሌላውን ስጠይቀው ልጅቷ አቋረጠችኝ። “ምን ይላል? እሱን በሉኝ።”

“በረካ ሊሳሒቢሂ። እየደጋገመች ይህንኑ ትላለች። በረከት ለባለቤቱ። ሌላ የለም።”

ቤት ተመልሰን ለባልቴቷ ነገርናቸው። “ባለቤቱማ እኔ ነኝ” አሉ። ዐረቡ የካባውን ጌታ ማለቱ እንጂ ሚስት ማለቱ እንዳልሆነ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ነገሩን ያበላሸው ሌላው ቃል ነው። በማግስቱ እኔ ክፍል ሳለሁ ልጅቷ ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄሱ ዐረቡ ምን እንዳለ ሲጠይቋት ስለ ጀነቱም ስለ በረከቱም ነገረቻቸው። ጽሕፈቱስ ምንድን ነው ቢሏት ከሰማቻቸው እንግዳ ቃላት መካከል አማርኛ የሚመስላትን አንዱን መረጠች።

“ጥራዝ ነው አለ።”

ጥራዝ ለቄስ መጽሐፍ ነው። ብራናው ተሰፍቶ ሲያያዝ ጥራዝ ይባላል። ስለዚህ በካባው ጠርዝ ውስጥ የእስላም መጽሐፍ ተሰፍቶበታል ማለት ሆነ። እኔ ከክፍል ስወጣ ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። ቄሱ ከሰዎች ጋር ደጀ ሰላሙ ተቀምጠዋል። ጢራዝና ጥራዝ ሁለት ቃል እንደሆኑ፣ አንዱ የልብስ ሌላው የመጽሐፍ እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል አስረዳሁ። አንድ ደብተራ አዳምጦኝ ሲያበቃ፣

“ጥራዝ ነጠቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዛሬ ጥራዙን ከነነጣቂው አየሁ” አለ።

ሁሉም ሳቁ። ቄሱ አልሳቁም።

“ልጄ፣ ጀነት የሚለበስ ነው ብሏል አይደል?”

“ብሏል።”

“የማን ጀነት?”

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔም ከበላዬ የሚጠይቀኝ አለ። ጽሕፈቱን አንሱትና ካባው ይግባ። ከዚህ በላይ አልችልም።”

ቤት ተመልሼ ይህን ስነግራት ልጅቷ ምላጭ ያዘች፤ እኔ ካባውን ወጥሬ ያዝኩላት። ሐሩ ለስንት ዓመት ታጥፎ ስለኖረ በእጥፋቱ ሁሉ ተበልቶ ኖሯል። አንድ ላይ ይዞት የቆየው ያ በወፍራም ክር የተጠለፈ ጠርዝ ነበር። ምላጩ ዞሮ ሲጨርስ ካባው እጄ ላይ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ተሰነጣጠቀ። በመርፌ ልትይዘው ሞከረች፤ መርፌው በገባበት ሁሉ ይተረተራል። መርፌውን አስቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

“ካባውን አምጪልኝ” አሉ ባልቴቷ ከአልጋቸው። ዓይናቸው ደክሟል።

ልጅቷ የተቆረጠውን ጠርዝ ወስዳ እጃቸው ውስጥ አደረገችላቸው። ጽሕፈቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

“ቄሱ እሺ አሉ?”

“እሺ ብለዋል እማዬ።”

“ተመስገን።”

ሳምንት ሳይሞላ ዐረፉ። ጠርዙን ከጣቶቻቸው ያላቀቀችው ልጃቸው ናት። ያንንም የካባውንም ቁርጥራጭ ሰው ሳያየው ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሐር ሲቃጠል እንደ ጠጉር ይሸታል፤ ሽታው ለቀስተኛው እስኪገባ ድረስ ቤቱን አልለቀቀም።

እኔ ወደ ዐረቡ ሱቅ ሄጄ አቡጀዲ ገዛሁ። የጨርቁ ስም ራሱ ዐረብኛ ነው ይባላል፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሴቶቹ ሊገንዟቸው ሲዘረጉት ጫፉ ላይ የፋብሪካ ማኅተም በሰማያዊ ቀለም ታትሞበታል፤ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር። ጨርቁ ያጥራል ብለው አልቆረጡትም። ሲጠቀለል ማኅተሙ በደረታቸው በኩል ዋለ። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ምን እንደሚል አልጠየቁም። መስቀላቸውን ከላዩ አሳልፈው ፍትሐቱን ጀመሩ።