የሚመልሰው የጎኑ ሰው ነው

ከጎጃም ቆቦ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን የፈራሁት ሙቀቱን ብቻ ነበር። በሽተኛ ማናገርማ ማን ያስተምረኛል ብዬ!

በእኔ ክፍል ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። አንዱ ከዋጃ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ እሾህ የወጋው እግራቸው አመርቅዞ እስከ ቁርጭምጭሚት አብጧል። ሐኪሙ «ጣታቸው ከደነዘዘ ቶሎ ንገሪኝ፤ ካረፈድን እግሩ ይቆረጣል» ብሎኛል። ሌላኛው ሳንባቸውን አሟቸው የገቡ የጎብዬ ሰው ናቸው፣ ወሬ የማይጠፋቸው።

«አባቴ፣ እግርዎ እንዴት አደረ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም አይለኝም።»

እኔ ሞኟ «ሕመም የለም» ብዬ ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ። የጎብዬው ሰውዬ «ሲስተር፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? ሲያቃስት ነው እኮ ያደረው!» አሉኝ። «እርስዎስ?» ብላቸው «እኔማ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»። የዋጃው ቀበል አድርገው «ውሸቱን ነው! አክታው ደም አለበት» አይሉኝም!

ሳቄ መጣ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ሕመምን መዘርዘር ፈጣሪን ማማረር ይሆንባቸው ይሆን? ወይስ በልጃቸው ዕድሜ ላለች ሴት መንገሩ አሳፍሯቸው? እዚህ የቆየች ባልደረባዬን ብጠይቃት «ወንድ ልጅ አመመኝ ይላል እንዴ?» ብላኝ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንዱን ስለ ሌላው መጠየቅ ያዝኩ። የማይነግሩኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ሰኞ የጎብዬው ሰውዬ ድነው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት የዋጃውን «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ።» ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ከመፍራቴ ብዛት ተናደድኩ፤ ልቆጣቸው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። ከዚያ ባዶው አልጋ ላይ ቁጭ አልኩና «እሺ፣ ጓደኛዎ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ።

«እሱማ ያሳጣኝ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ጣቱን ቢቆነጥጠው አይሰማውም ይልሽ ነበር።»

አንሶላውን ስገልጥ ጣቶቻቸው ቀዝቅዘዋል። ወደ ሐኪሙ በረርኩ።

እግራቸው ተረፈ፤ ሁለት ጣት ግን አጡ። ከኦፕራሲዮን ወጥተው ሲነቁ አጠገባቸው ነበርኩ። ምንም አልጠየቅኳቸውም። ራሳቸው ጀመሩ።

«ያ ወሬኛ ቢኖር፣ ፈርቶ ነበር ይልሽ ነበር» አሉኝ።