በጋቢው ጥግ የተሰፋው ፓስፖርት

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ሸማ ተራ ሱቃችን ውስጥ ጋቢ ባጠፍኩ ቁጥር ጣቶቼ ሳላዛቸው ጥጉን ይዳብሳሉ። ደንበኞቼ ቀዳዳ የምፈልግ ይመስላቸዋል።

ታናሽ እህቴ ጅቡቲ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ቀን ደርሶ ነበር። እዚያ አጠገቧ የሚሆን አንድ ዘመድ የላትም። እናቴ እንዳትሄድላት ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ስለዚህ እኔ በባቡር እንድሄድ ተወሰነ።

እናቴ በወጣትነቷ በድሮው ባቡር ድሬዳዋ እየተመላለሰች ጨርቅ ትነግድ ነበር። ባቡር የሚሳፈር ሰው ሁሉ ሊሰረቅ የሚሄድ ይመስላታል። ትኬት ቆርጬ የተመለስኩ ዕለት ፓስፖርቴን ተቀበለችኝና ለአራሷ ባሠራችው ጋቢ ጥግ፣ በድርቦቹ መሃል ከታ ሰፋችው። ያኔ የባቡር ነጋዴ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር አለችኝ።

«ቦርሳ ይሰረቃል፤ የለበስሽውን ጋቢ ግን የሚገፍፍሽ የለም። ድንበር እስክትደርሺ ከትከሻሽ እንዳይወርድ።»

እሺ አልኳት። በሆዴ ግን ስቄባታለሁ።

ባቡሩ መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ስለቆመ ከአዋሽ ብዙም ሳንርቅ መሸብን። ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ የድሮው ባቡር ጡረተኛ። እኔም ሸማ ነጋዴ መሆኔን፣ ለእህቴ ምጥ እየሄድኩ መሆኔን፣ ጋቢውም የእሷ መሆኑን አጫወትኳቸው። ወባ ተነስቶባቸው ስለነበር እየቆዩ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ስሰማ አላስቻለኝም፤ ጋቢውን አውልቄ አለበስኳቸው። ያን ሳደርግ ፓስፖርቱ ትዝ አላለኝም ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን ይሄው ነው። ወዲያው እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ድሬዳዋን አልፈናል። የሽማግሌው ወንበር ባዶ ነው፤ ጋቢውም የለም። ፓስፖርቱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ተቆጣጣሪውን ብለምነው፣ ባቡር ወደ ኋላ አይመለስም፣ ያለ ፓስፖርት ደግሞ ደወሌ ድንበር ላይ ትወርጃለሽ አለኝ። እህቴ ብቻዋን ስታምጥ እየታየችኝ እስከ ድንበር አለቀስኩ። ሽማግሌውንም ረገምኳቸው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሊነጋጋ ሲል ደወሌ ደረስን። ሁሉም ፓስፖርቱን ይዞ ወርዶ ተሰለፈ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ከመጨረሻው ፉርጎ በኩል ጋቢ የተከናነበ ሰው ባቡሩን እየተደገፈ ቀስ ብሎ መጣ። እሳቸው ናቸው።

እንደነገሩኝ፣ ድሬዳዋ ላይ ሊቀሰቅሱኝ ሲሉ የሚወርደው ሰው ገፍቷቸው ወረዱ። ጋቢውን ቢያስተካክሉ ጥጉ ላይ ደረቅ ነገር ዳበሱ። በሥራ ዘመናቸው ከነጋዴ ሴቶች ጋቢ ውስጥ የማያውቁት ጉድ ስለሌለ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ቅርባቸው የነበረው ፉርጎ ላይ ተመልሰው ወጡ። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ጉልበት ስለነሳቸው ውስጥ ለውስጥ መጥተው ሊፈልጉኝ አልቻሉም። ድንበር ላይ ሰው ሁሉ እንደሚወርድ ግን ያውቃሉ።

ስፌቱ እንዳለ ነው። የሰው ስፌት አልፈታም፣ አንቺው ፍቺው አሉኝ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ። ዕድሜዬን ባቡር ላይ ጨርሼ፣ የመንገደኛ ዕቃ ይዤ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።»

ማህተም አስመትቼ ስመለስ ጋቢውን አጥፈው ይዘውልኛል። አሁንም ይንቀጠቀጣሉ። መልሼ ሳለብሳቸው የአራሷ ነው ብለው እምቢ አሉ። እናቴ ሌላ ታሠራላታለች ብያቸው ሮጬ ተሳፈርኩ። ስማቸውን አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ነው።

እህቴ በማግስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቴ በስልክ መርቃ ሳትጨርስ፣ ጋቢው ከትከሻሽ አልወረደም አይደል ብላ ጠየቀችኝ። ቁጣዋን ፈርቼ አልወረደም አልኳት። እህቴም ያላየችውን ጋቢ ሞቆኛል ብላ አገዘችኝ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመታት አለፉ።

እናቴ አምና አረፈች። ለቅሶው ላይ አብራት ባቡር ትሳፈር የነበረች ጓደኛዋ ስለዚያ ዘመን ስታጫውተን፣ እናትሽ እኮ የድሬዳዋን የባቡር ሠራተኞች አንድ በአንድ በስማቸው ታውቃቸው ነበር አለችኝ።

ያን ቀን በስልክ ለእናቴ እውነቱን ብነግራት ኖሮ ተቆጥታ፣ ተቆጥታ ሲወጣላት የሽማግሌውን መልክ ትጠይቀኝ ነበር። ምናልባት ስማቸውንም ትነግረኝ ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ? ያኔ የሸሸሁት ቁጣዋ ዛሬ ይናፍቀኛል።