የአውሮፕላን ሜዳው ድሬሰር

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ እንባዬ ይመጣል።

የምሠራው መካነ ሰላም ማዘጋጃ ቤት፣ መሬት ክፍል ነው። አሮጌውን የአውሮፕላን ሜዳ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ሣር ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ግን ዳሩ ላይ የጦር ካምፕ ነበረበት። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ወታደሮቹ ፊሽካ እየነፉ ከብቱን ያባርራሉ፤ አብራሪው የነፋሱን አቅጣጫ እንዲያይም እርጥብ ሣር ያጨሳሉ። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ገበያው ተነቅሎ ወደ ሜዳው ይወጣ ነበር ይላሉ። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን ደብዳቤውም፣ መድኃኒቱም፣ ደሴ የሚሄደው በሽተኛም በዚያው ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። ግን እየሰማሁ ስላደግኩ ይናፍቀኛል።

የተወለድኩትም እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው። እናቴ ወርቄ ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ቆየች። የከተማው ጤና ጣቢያ በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። አባቴ ካምፑ በር ላይ ሄዶ ለመነ። ሰይድ የሚባል፣ ቁስለኛ የሚያክም የካምፑ ድሬሰር በክሊኒኩ ድንኳን ውስጥ አዋለዳት። እኔም እሷም ተረፍን። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ቤታችን እየመጣ ያቅፈኝ ነበር አሉ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሠራዊቱ ተበተነ። በዚያው ሰሞን ሲመሻሽ ሰይድ በራችንን አንኳኳ። «ወርቄ፣ የሲቪል ልብስ ስጪኝ» አለ። አባቴ አልነበረም። ወታደር ያስጠለለ ቤቱ ይቃጠላል እየተባለ ይወራ ስለነበር እናቴ ፈራች። እኔ ሳለቅስ ጡቷን አጎረሰችኝ፤ ትንፋሿንም ዋጠች። እሱም ትንሽ ቆሞ ሄደ። በማግስቱ ከከተማው ዳር ካለው ገደል አጠገብ አንድ ወታደር ፊቱ ሳይለይ ሞቶ ተገኘ ተባለ። ሰው ሁሉ «ድሬሰሩ ነው» አለ።

እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ረቡዕና ዓርብ አትገድፍም። ረመዷን ሲገባ ግን በየዓመቱ ቴምርና ዱቄት ይዛ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ቤት ትሄዳለች። «የሰይድ ሶደቃ ነው፤ ዱዓ አድርጉለት» ትላለች። ለንስሐ አባቷም ተናግራ ነበር። እሳቸው እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለዋታል፤ እሷ ግን ራሷን አልፈታችም። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

ወደ ባለፈው ጥቅምት ልመለስ። አንድ ሰው ቢሮ ደውሎ «ሜዳው ላይ ደላላ መሬት እየለካ ነው» አለን። በእኛ ከተማ ዛሬ መሬት ላይ ቆጥሮ የተራመደ ሁሉ ደላላ ነው። እኔም ደሜ ፈልቶ ሄድኩ። ኮት የለበሱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው እየቆጠሩ ይራመዳሉ።

«አባባ፣ ማን ፈቅዶልዎት ነው የሚለኩት? አሁኑኑ ከዚህ ይውጡ!» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አወለቁ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። መሬት እንኳ አልፈልግም። ድንኳኔ የነበረበት ቦታ ጠፍቶኝ ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ስልሳ እርምጃ ነበር። ዛሬ እርምጃዬ አጠረና አልገጥም አለኝ።»

«የምን ድንኳን?»

«የካምፑ ክሊኒክ። ድሬሰር ነበርኩ፤ ሰይድ እባላለሁ።»

«እርስዎ እኮ ሞተዋል!» አልኳቸው።

«እስካሁን የነገረኝ የለም» ብለው ሳቁ።

ለካ ያን ጊዜ በአቀስታ በኩል በእግራቸው ወጥተው ኮምቦልቻ ገብተዋል። እዚያው ልጆች አሳድገዋል። የሞተው ሌላ ምስኪን ነው። አሁን አቀስታ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ መጥተው፣ ሜዳውን አንዴ ልየው ብለው ነው ሚኒባስ የተሳፈሩት። እኔ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝና «እስቲ ተንፍሺ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ቤት ይዣቸው ሄድኩ። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። ሰፌዱን ጥላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ሰይድ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ! ያን ቀን ቤት ነበርኩ። እየሰማሁህ ነው ያልከፈትኩልህ!»

እሳቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ። «አውቃለሁ» አሏት።

«እንዴት?» አለች እናቴ።

«ሳንኳኳ ልጅቱ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አለች። ስትወለድ ትንፋሽ አልነበራትም፤ ሳንባዋ ያሰጋኝ ነበር። እንዲያ ስትጮህ ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በሩን ብትከፍቺ ጦሱ ለእሷም ይተርፍ ነበር። ዝም ያልሽው ለእሷ ብለሽ ነው። አንድም ቀን ተቀይሜሽ አላውቅም፣ ወርቄ።»

እናቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም። እትዬ ዘሐራ ለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሮጠው መጡ። ነገሩ ሲገባቸው፣ «አንተ ሰው፣ ስንት ረመዷን ሙሉ ቴምርህን በልተናልና እኛንም አውፍ በለን!» አሏቸው። ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ዱዓው ደርሶኛል፤ ይኸው አለሁ» አሉ። ያን ከሰዓት እኛ ቤት ሳቁና ልቅሶው ተደባለቀ።

በማግስቱ በአቀስታ ሚኒባስ ሸኘናቸው። አሁንም እየደወሉ ይጠይቁናል። እናቴም በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብላ ትጣራለች እንጂ አትደነግጥም። የእናቴን የዕድሜ ልክ ጸጸት ያወረዱላት እኚህ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የተናገርኳቸው ቃል «ከዚህ ይውጡ» የሚል ነበር። ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።