የሣህሌ አፍና የሳጉሬ ይሉኝታ

ሣህሌ አሰላ አጠገብ ባለችው ከተማ ሳጉሬ ተወልዶ ሳጉሬ ያረጀ የስንዴ ነጋዴ ነው። «ያረጀ» ማለቴን ቢሰማ ይጣላኛል፤ ገና ስድሳ አልሞላውም። በገበያ ቀን ገበሬው ጆንያውን ሲፈታለት እጁን እስከ ክርኑ ይከትና ከሥር ጥቂት ፍሬ ዘግኖ አንዷን በመንጋጋው ይነክሳታል። ቀጭ ካለች ስንዴው ደርቋል፤ ከላመች እርጥብ ነው ብሎ ዋጋ ይሰብራል። በሰርግና በክርስትና ደግሞ የቢራ ቆርኪ በጥርሱ ይከፍታል። መክፈቻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየው ይከፍታል።

ጥርሱን ማጽዳት ግን የሴት ሥራ ይመስለው ነበር። ከምሳ በኋላ መፋቂያ ይይዛል፤ አይፍቅበትም፤ እንደ ሲጋራ ከጥግ ወደ ጥግ እያንከባለለ ሰው ሲያናግርበት ይውላል። ሻዩን ስኳሩ ከሥር እስኪዘቅጥ ያጣፍጠዋል፤ ዝቃጩንም በማንኪያ ይልሰዋል። ድዱ ሲደማ «ትርፍ ደም ነው» ይላል። ጥርሱን ሲያመው አረቄ አፉ ውስጥ ይይዛል። ሌላው ሰው ቆይቶ ይተፋዋል፤ ሣህሌ ሲተፋ ያየ ግን የለም።

እናም አፉ ይሸት ነበር። ልሸፋፍንለት ብል የሳጉሬ ሰው ይታዘበኛል። ሆኖም ከተማው በይሉኝታ የታሰረ ነውና ማንም አልነገረውም። በዕድር ስብሰባ ከጎኑ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ እሱ የከበሬታ ቦታ የተውለት ይመስለዋል። ገበሬዎች ዋጋ ሲከራከሩት ቶሎ ይስማሙና ይሄዳሉ፤ ይህንንም የንግድ ችሎታው አድርጎ ይዞታል።

ሚስቱ ተሻለች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትተኛው። ቂም ይዛብኝ ይሆናል ብሎ ጫማ ገዛላት። ጫማውን መርቃ ተቀበለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ቢቸግረው ሽማግሌ ላከባት።

«ምን በደለሽ?» አሏት ሽማግሌዎቹ።

«ምንም አልበደለኝም» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሣህሌ አጠገብ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «በቃ ልጄ፣ ቻይው» ብለው መርቀዋት የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ወጡ። እነሱም አልነገሩትም።

ጉዱ የፈላው በለሊሴ ሰርግ ነው። ለሊሴ የጉደታ ልጅ ናት፤ ጉደታ ደግሞ የሣህሌ አብሮ አደግና የገበያ ጓደኛ ነው። ሣህሌ ዳሱ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ፊት፣ እንደ ልማዱ ጠርሙስ አነሳ። ቆርኪውን በመንጋጋው ያዘና ጎተተ። ቆርኪው ወጣ። ጥርሱም ተከትሎት ወጣ። ሲወጣ እንኳ ቀጭ አላለም፤ እንደ ካሮት ከነሥሩ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለና የሙሽሪት ሳህን አጠገብ ቆመ። ለሊሴ ጮኸች። ሣህሌ ግን ብዙም አላመመውም፤ ያስደነገጠውም ይኸው አለማመሙ ነው።

«ማሎ፣ እባክህ ሣህሌ!» አለ ጉደታ ሳቁን ማፈን አቅቶት። «ለልጄ ስጦታ አምጣ ተባልክ እንጂ ጥርስህን ስጥ ተባልክ?»

ሰኞ ጠዋት ሣህሌ ጥርሱን በመሐረብ ቋጥሮ በሚኒባስ አሰላ ወረደ። ሆስፒታሉ ጥርስ ክፍል ያገኛት ሐኪም ሰሎሜ ትባላለች፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ የአሰላ ብርድ ከነጭ ጋውኗ በላይ ሹራብ ያስደረባት ወጣት ናት።

«ይቺን ወደ ቦታዋ መልሽልኝ» አለና መሐረቡን ፈታ።

ሰሎሜ ወንበሩ ላይ አጋደመችውና አፉን ከፍታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች። «አባቴ፣ ይቺ እንኳን ልትመለስ፣ ጎረቤቶቿም ዕቃቸውን እየጠቀለሉ ነው» አለችው። ከዚያ ማስኩን አጥብቃ፣ «አፍዎ እንደሚሸት ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀችው።

ሣህሌ በዕድሜው እንዲህ ተደፍሮ አያውቅም። ተነስቶ ሊወጣ ፈለገ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ የተለጠጠ ነውና በጀርባዋ እንደወደቀች ጢንዚዛ እጅና እግሩ ብቻ ተወራጨ።

«ውሃ ውሃ ይልዎታል?»

«ስንዴ አቧራ አለው፤ ለምን አይጠማኝ!»

«ሌሊት ለሽንት ቶሎ ቶሎ ይነሳሉ?»

«ቆይ እስቲ፣ አንቺ የጥርስ ሐኪም ነሽ የሽንት?»

ሰሎሜ ሳቀች። «አፍዎ ከሰውነትዎ ተገንጥሎ ጎጆ የወጣ መሰለዎት? ድድዎ እንዲህ የሆነው በቆሻሻ ብቻ አልመሰለኝም። ደምዎን ተመርምረው ይምጡ።»

ተመረመረ። ስኳር ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የቆየ።

«ስኳሩ ሲበዛ ድድዎ ቁስሉን መቋቋም ያቅተዋል» አለችው። «ድዱ ሲመረቅዝ ደግሞ ስኳሩ አልወርድ ይላል። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚበሉዎት። መድኃኒቱን ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ ይወስዳሉ፤ ጥርስዎን እኔ አጥባለሁ፤ ጠዋትና ማታ መቦረሽ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ሻዩም ያለ ስኳር።»

ሣህሌ ቤቱ የገባው እየጨሰ ነው። ስኳሩን ረስቶታል፤ ያንገበገበው ሌላ ነው።

«አንዲት ፍሬ ልጅ፣ ፊት ለፊት፣ አፍህ ይሸታል አለችኝ!» አላት ተሻለችን።

ተሻለች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«ተሻለች?»

«እግዜር ይስጣት» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የታመቀው ሁሉ ወጣ። «ጀርባዬን የሰጠሁህ ቂም ይዤ መሰለህ? ልተነፍስ ነው እንጂ!»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እነሱማ አዘኑልኝ።»

ሣህሌ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ባዶውን ወንበር አሰበ። ቶሎ ተስማምተው የሚሄዱትን ገበሬዎች አሰበ፤ ከሁሉ ያመመው ይሄኛው ነው። በሚቀጥለው ገበያ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ።

ቡሩሹን የገዛችው ተሻለች ናት። ሣህሌ መጀመሪያ ጥርሱን ጆንያ እንደሚያራግፍ ሰው ፈተገውና ድዱ ሲደማ ቡሩሹን ወረወረው። ሰሎሜ ለስላሳ ቡሩሽ አስያዘችውና ቀስ ብሎ እንዲያሸው አሳየችው፤ በጥንቃቄ ከቀጠለ ደሙ እንደሚቆም ነገረችው። የላሉትን ነቀለችለት፤ የቀሩት ላይ የጠጠረውን ቆሻሻ ፍቃ አነሳችለት። ጾም ሲገባ አዲስ ሰበብ አገኘና ነፍስ አባቱን አባ ፊሊጶስን፣ «አባቴ፣ የጥርስ ሳሙና ጾም...» ብሎ ጀመረ። ለዓመታት መስቀል ሲያሳልሙት ክንዳቸውን እስከ ጫፍ የሚዘረጉት አባ፣ ጥያቄው እስኪያልቅ አልጠበቁም።

«አያፈርስም ልጄ! አትዋጠው እንጂ ቦርሽ!»

ወራት አልፈው የደሙ ስኳር ወረደ፤ ድዱም መድማቱን ተወ። ሰሎሜ መድኃኒቱም፣ ሻዩም፣ ቡሩሹም ድርሻ አላቸው ትላለች። ሣህሌ ድርሻውን በሙሉ ለራሱ ወስዷል። ፊት ለፊት የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ናቸው፤ ሲስቅ ግን እጁን አፉ ላይ አያደርግም። ተሻለችም ከግድግዳው ጋር የነበራትን ወዳጅነት አቋርጣለች።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ሣህሌ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ጥሎታል። በዕድርም በገበያም ሰው ሰላም ሲለው ጠጋ ብሎ ያሸታል፤ ካልጣመው፣ «አሰላ ሂድ፤ ደምህንም ታይ» ይላል፣ ሌላው እየሰማ። ዕድሩ ስለዚህ ጉዳይ ሁለቴ ገሥጾታል። ተናደው አሰላ ከሄዱት መካከል ሙቢና የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ስኳር ተገኘባት። መድኃኒቷን ጀምራለች፣ ድዷንም ታክማለች፤ ሣህሌን ግን እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም።